የአያቶቻችንን ታሪክ ሳይመሽ እንጻፍ
(ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ጊዜያችሁን እንዳንሻማ አጠር አድርገን እንናገራለን። እንደሚታወቀው ሰው ሲያርፍ በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ጽሑፉ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በአንድ ሌሊት፣ በለቅሶ መካከል ነው። ልጆቹ ተሰብስበው «የአባታችሁ አያት ማን ይባሉ ነበር? አገራቸውስ የት ነው?» ሲባሉ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። የሚያውቁት ሟቹ ብቻ ነበሩ። ሟች አይጠየቅ ነገር!

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ሰው እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ለኩራት ብቻ ሳይሆን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። በጎጃምና በጎንደር ደግሞ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር፣ ዘሩን መቁጠር ያልቻለ መሬት ሊያጣ ይችል ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ከቀረ ወዲህ ለመሬት ተብሎ የሚደረገው ቆጠራ ሥራ ፈታ። ስለዚህ አሁን በወረቀት ካልያዝነው የሚይዝልን የለም።

ታዲያ እንዴት ይጻፋል? እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ነንና ነገሩን እንደ ፋይል አያያዝ ነው የምናየው። አንድ ደብተር ይገዛል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ገጽ ይሰጠዋል። ስሙ፣ የክርስትና ስም ካለው እሱም፣ አገሩ፣ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ የተቀበረበት ቦታ ይሞላል። ከሥሩ ማን እንደተናገረና በየትኛው ቀን እንደተናገረ ይጻፋል። ይህ ከሌለ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የልደት ዘመን ጠይቃችሁ «እኔ እንጃ» ብትባሉ አትተዉት። በታወቀ ነገር ጠይቁ። አድዋ 1888፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928 ዓ.ም. ነው። አያታችሁ «ማይጨው ሲዘመት ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይሉ ከነበረ፣ ጥጃ ጠባቂ ከስድስት እስከ ዐሥር ዓመት ልጅ ነው ብንል፣ ልደታቸው ከ1918 እስከ 1922 ዓ.ም. ባለው ውስጥ ይሆናል። «ግድም» ብላችሁ ጻፉት።

ስማችን በአባት ስለሚሄድ የሴት አያቶች ስም ቶሎ ይጠፋል፤ እነሱን አስቀድሙ። አሮጌ ዳዊት ያለበት ቤት ባዶ ቅጠሎቹን ይመልከት፤ የልደትና የሞት ቀን እዚያ የሚጽፉ ነበሩ። በፎቶግራፉ ጀርባ ስም በእርሳስ ይጻፍበት። ልጆችም የሽማግሌዎችን ድምፅ በስልካቸው ይቅዱ።

ሁለት ዘመዶች የተለያየ ቢናገሩ ሁለቱም ይጻፍ እንጂ አንዱ አይፋቅ። ደግሞም የሁሉም አያት ደጃዝማች አልነበረም። ሸማኔ አለ፣ ቀጥቃጭ አለ፣ ሸክላ ሠሪ አለች፣ በባርነት የኖረም አለ። ይህን መደበቅ ሟቹን ሁለተኛ መቅበር ነው።

በመጨረሻ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እስከሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ እያንዳንዱ አባል ስለ አንድ አያቱ አንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ፤ ጸሐፊያችንም በፋይል ይያዙልን። መጻፍ የማይችል አባል ቢኖር እኛ ቤቱ ድረስ ሄደን እንጽፍለታለን።