ሥር ምን ያህል ተጠምቷል?

(የውኃ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ ጓሮ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጎመኑ ጠውለግ ሲል ወዲያው ውኃ እናጠጣለን። ግን ሥሩ በውኃ ብዛት ታፍኖም ቅጠል ይጠወልጋል። ታዲያ በምን እንለየው?

በአፈር ርጥበት ሴንሰር፦ ሁለት ሽቦዎች በጀሶ ተሸፍነው ሥሩ አጠገብ ይቀበራሉ። ጀሶው ከአፈሩ ጋር አብሮ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ሲረጥብ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፍበታል፤ ሲደርቅ ያግደዋል። መሣሪያው የሚያነበው ይህን ልዩነት ነው።

አማራ ክልል፣ መራዊ አቅራቢያ፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ በታቀደው የቆጋ መስኖ፣ ገበሬዎች ካሚሊየን የተባለውን የአውስትራሊያ ሥሪት ሞክረውታል። ሦስት መብራት ለሦስት ጥልቀት፤ የእያንዳንዱ ቀለም ሲነበብ፣ ሰማያዊ ርጥብ፣ አረንጓዴ ደኅና፣ ቀይ ደረቅ። ቁጥር ማንበብ አይጠይቅም፤ ትልቁ ብልሃቱ ይህ ይመስለኛል።

ሰማያዊ እየበራ ውኃ ከጨመርን ደግሞ ማዳበሪያውም ይታጠባል፤ በተለይ ናይትሮጅኑ ከሥር በታች ይሰርጋል።

የተክሉን ምግብስ መለካት ይቻላል? በከፊል። በውኃ የሟሙ ጨዎች ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፉ፣ ሌላ ዓይነት ሴንሰር ጠቅላላ መጠናቸውን ይጠቁማል። የጎደለው ናይትሮጅን ይሁን ፖታሲየም ግን አይለይም፤ ለዚያ አፈሩን ላቦራቶሪ ማስመርመር ነው። «ሁሉንም ይለካል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ በደንብ ጠይቁት።

ጓሯችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ አንዱን ሴንሰር ከላይ፣ ሌላውን ከታች ቅበሩ፤ ውኃው ቁልቁል ስለሚወርድ ንባባቸው እኩል አይሆንም።