የአንድ እጅ ባክሃንድ በደጋ ሜዳ



እንደ ገሳይና ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የቴኒስ ኳስ መስመር አልፋ ስትወድቅ፣ አሠልጣኙ ተማሪውን «ቀስ ብለህ ምታ» ማለት ይቀናዋል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአየሩ ነው። ስስ አየር ኳሷን እምብዛም አይገታትም፤ ወደ ፊት ስትሽከረከር ወደ መሬት የሚጫናት ኃይልም ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የፈቀደውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሽክርክሪትን ማብዛት ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተማሪ በግራው ለምትመጣ ኳስ ትከሻውን ቀድሞ ያዙር፤ ራኬቱን ከኳሷ በታች ያውርድ፤ ከፊተኛው እግሩ ፊት ለፊት አግኝቶ ሽቅብ ይጥረጋት። ግራ እጁ ወደ ኋላ ቢዘረጋ ደረቱ ያለጊዜው አይከፈትም።

መምህር ተማሪውን ከመውቀሱ በፊት ኳሷንና አየሩን ይመርምር።