የጡንቻ በርና የሌሊት ጥናት

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የፈተና ወራት በቀረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍላችን መብራት ሳይጠፋ እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን። ራት ይዘገያል፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳቦ ይቆረሳል፤ ሻዩም ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር ይጨመርበታል። ይህንንም እንደ ጀግንነት እንቆጥረዋለን። ዛሬ ልናሳስብ የፈለግነው ግን ይህ ልማድ በጡንቻችን ላይ ምን እንደሚሠራ ነው።

የበላነው እንጀራም ሆነ ዳቦ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ውስጥ ይዘዋወራል። ያን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ያመነጫል። ባንቲንግና ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ ያገኙት ይኸው ነው። ኢንሱሊን እንደ መልእክተኛ ሆኖ የጡንቻን ሕዋስ ሲያንኳኳ፣ በውስጡ ተሸሽገው የነበሩ ስኳር አስገቢዎች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ስኳሩም ይገባል። በኢንሱሊን ትእዛዝ ከሚገባው ስኳር የሚበልጠውን ድርሻ የሚቀበለው ጡንቻ ነው። እንግዲህ ጡንቻ መልእክተኛውን አልሰማም ያለ እንደ ሆነ ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል፤ ቆሽትም ይበልጥ እያመነጨ ውሎ አድሮ ይደክማል። ወደ ስኳር በሽታ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ጡንቻን የሚያደነቁረው ምንድር ነው? አንደኛው የምግብ ብዛት ነው። ሰው ከሚሠራበት በላይ ዘወትር ሲበላ ስብ በጡንቻው ውስጥ ሳይቀር ይጠራቀምና መልእክቱን ያሰናክላል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በየሕዋሳችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት አለ፤ አሠራሩን የገለጹ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በጤነኛ ሰው እንኳ አንድ ዓይነት ምግብ ጧትና ማታ ቢበላ፣ የማታው የደምን ስኳር አብልጦ ከፍ ያደርጋል።

ሦስተኛው እንቅልፍ ማጣት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1999 እንደ ገለጹት፣ ስኳር ከደማቸው የሚወጣበት ፍጥነት እንቅልፍ ጠግበው ካገገሙበት ጊዜ በመቶ 40 ያህል ያነሰ ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ እኩዮቻችን ነበሩ። ደግሞም ተስፋው ከዚያው ነው፤ በእንቅልፍ የሄደው በእንቅልፍ ይመለሳልና።

ሌላም መድኃኒት አለን። ጡንቻ በሥራ ላይ ሲሆን ኢንሱሊን ባያንኳኳ እንኳ በሩን ራሱ ይከፍታል። ስለዚህ ከራት በኋላ በግቢያችን ጥቂት መዘዋወር ከንቱ ሽርሽር አይደለም። ራታችንን ሳይመሽ እንብላ፤ ጥናታችንን ለፈተና ሳምንት አናከማች፤ ሌሊቱን ለእንቅልፍ እንተውለት። ከመካከላችን ኢንሱሊን የሚወጋ ቢኖር ግን የምግቡን ሰዓት ሐኪሙን ሳያማክር አይለውጥ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። በራችንን የሚጠብቁት ዘበኛና በሆስፒታል ተረኛ ሆና የምታድረው ነርስ ሌሊቱን የሚነቁት ለእንጀራ ብለው ነው። እነርሱ ምርጫ የላቸውም፤ እኛ ግን አለን። ነገ ሐኪምና አሠሪ ሆነን የሌሎችን የሥራ ሰዓት የምንወስን ሰዎች፣ ዛሬ የራሳችንን ሰዓት ማክበር እንልመድ።