የግድግዳ ቴሌቪዥን በማጀቴ፤ መስመሩ ከመዘርጋቱ በፊት



በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት እየተመላለሰ የማጀቴን ከተማ ፈጽሞ አፍርሷታል። በካራ ቆሬም ከመቶ 45 ያህሉ ቤት ወድቋል፤ የደሴው አውራ ጎዳናም ተሰነጣጥቋል። የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሁሉ መዝግበው አቆይተዋል።

ስለ ቴሌቪዥን መስመር በተያዘ ንግግር የመሬት መንቀጥቀጥን ማስቀደም ለአንዳንድ አድማጭ ዙሪያ ጥምጥም ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ቴሌቪዥኑ ከቡፌው ላይ ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ከሥሩም በብዙ ቤት ማታ ማታ ፍራሽ ተነጥፎ ልጆች ይተኛሉ። ስለዚህ በማጀቴም ሆነ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የመስመሩ ዕቅድ የሚጀምረው ከሶኬቱ ሳይሆን ከግድግዳው ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ የተደጋገመው፣ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው መንቀጥቀጥ ነገሩ የአያቶች ወሬ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል።

የተለመደው አሠራር ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ ቤቱን አስለስኖ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ቴሌቪዥኑን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል። ሠራተኛውም ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ አዲሱን ልስን በመዶሻና በስካርፔሎ መፈንቀል፣ ወይ ሽቦውን እንደ ሸረሪት ድር በግድግዳው ላይ ማንጠልጠል። ባለቤቱ ቀለሙ እንዳይበላሽበት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል። መስመሩም ከመኝታ ቤቱ ሶኬት ተነሥቶ በማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ እየተሰካ ሳሎን ይደርሳል።

በአካባቢው ሁለት ዓይነት ግድግዳ አለ። የጭቃው ቤት ጭነት ተሸካሚው ቋሚው እንጂ ምርጊቱ አይደለም። ስለዚህ ማያያዣው በቀጥታ በጭቃው ላይ አይመታም፤ ወፍራም ጣውላ ሁለት ቋሚዎችን እንዲይዝ ተደርጎ በብሎን ይታሰርና ቴሌቪዥኑ በእርሱ ላይ ይሰቀላል። መስመሩም በቱቦ ሆኖ ከግድግዳው ውጭ ይሄዳል፤ ይህ አያሳፍርም። የብሎኬቱ ቤት ይበልጥ ያታልላል። ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ፊሸሩ የሚነክሰው ስስ የሆነውን ፊት ብቻ ነው። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን እንደ ስሪቱ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በሚዘረጋ ክንድ ላይ ሲሰቀል ደግሞ ጉልበቱ ይበረታል፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ የባሰ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ብሎኬቱ ሲደረደር ማያያዣው በሚያርፍበት ቦታ ያሉት ሁለት ሦስት ረድፎች ቀዳዳቸው በኮንክሪት ይሞላል።

ሌላው ጉዳት ራሱ ከመስመሩ ይመጣል። ቱቦ ለመቅበር በብሎኬት ላይ አግድም የሚቆፈር ቦይ ግድግዳውን ለሁለት የከፈለ ያህል ያዳክመዋል። ቦዩ ምንጊዜም ቁልቁል ይሁን፤ የኮንክሪቱ ዐምድና የማሰሪያው ቢም ደግሞ ፈጽሞ አይነኩ። በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ስታንዳርዶች 8ኛው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ፣ 10ኛው ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ነበር። አንዱን የሚገልጠው የስትራክቸር መሐንዲስ፣ ሌላውን የሚገልጠው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ቦዩን የሚቆፍረው ወጣት ግን ሁለቱንም ላያውቃቸው ይችላል።

በኃይል ረገድ ችግሩ ቀላል ነው። የዛሬው ቴሌቪዥን የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ከማከፋፈያው ሰሌዳ በ16 አምፔር ብሬከር ተነሥቶ የመሬት መስመር ያለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃዋል። የሚጎድለው የሶኬቱ ቁጥር ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የኢንተርኔት መሣሪያውና ስታቢላይዘሩ ሲቆጠሩ አምስት ይሆናሉ። ስታቢላይዘሩ ከባድ ስለ ሆነ ቦታው ወለሉ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ በመደርደሪያ የሚያስቀምጡት አሉ።

የምልክቱ ሽቦ ከኃይሉ ሽቦ ተለይቶ፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በራሱ ቱቦ ይሂድ። የኤች ዲ ኤም አይ ሽቦ ራስ ወርዱ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ነውና በቀጭን ቱቦ አያልፍም፤ 40 ሚሊሜትር ቱቦ ያስፈልገዋል፤ ማጠፊያውም የሰላ ክርን አይሁን። በቱቦው ውስጥ ሲባጎ ይተው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባም ሽቦው ጥቂት ላላ ይበል፤ ተወጥሮ ከታሰረ በመጀመሪያው ንቅናቄ መሰኪያውን ነቅሎ ይወጣል።

የሲባጎው ጥቅም በ2012 ዓ.ም. ገደማ በገሃድ ታይቷል። ብዙ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ከይፋት ሲታይ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ይመለከት የነበረው ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ መዞር ነበረበት። ሁለቱንም የፈለገ ቤተሰብ ሁለተኛ ዲሽና ሁለተኛ ሽቦ አስፈለገው። ሽቦውን በልስን ውስጥ የቀበረ ግድግዳውን እንደገና ሰበረ፤ ቱቦ የነበረው ግን በሲባጎው ጎትቶ አስገባ። ስለዚህ ከጣራው ወደ ሳሎን የሚወርዱት ቱቦዎች ሁለት ይሁኑ። በቆላው ፀሐይ ከቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት የሽቦውን ሽፋን ስለሚያደርቅ፣ አይጥም ስለሚበላው፣ ቱቦው ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ አይቋረጥ፤ ከቆርቆሮው ርቆ በሞራሌው ላይ ታስሮ እስከ ዲሹ እግር ይድረስ።