የእቴጌ ጥሩወርቅ ጋብቻ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ነገሥታት ጋብቻ የሚጻፍ ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ ያለ ፈቃዷ የተዳረችውን ሙሽራ በመጨረሻ ፍቅር ያስይዛታል። የወይዘሮ ተዋበች ታሪክ ለዚህ ይመቻል። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ለካሣ የዳሩት ሽፍታውን በዝምድና ለማሰር ነበር፤ እርሳቸው ግን ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው አደሉ።

ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ ያገቧቸው የእቴጌ ጥሩወርቅ ዕድል ግን ሌላ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሆነው ታስረዋል፤ ልጃቸው የተዳሩት ላሳሪው ለራሳቸው ነው። በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ፥ እቴጌይቱም ብዙ ሳይቈዩ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ።

ይህን ጋብቻ የሁለት ቤቶች ዕርቅ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አባቷ በሰንሰለት እንዳለ የምትዳር ልጅ ምን ዕርቅ ታያለች? ከመካከላችን ይህን ታሪክ የሚጽፍ ቢነሣ፥ ለመጽሐፉ ማማር ሲል በግድ እንዳያፋቅራቸው አደራ እላለሁ። ያልወደደችም ሴት ታሪክ አላት።