መሣሪያ ያልነበራቸው ልጆች ዜማ



«ባለሱቅን ከሙዚቃ ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ሒሳብም አለበት።

ዱዎፕ የተባለው አዘፋፈን በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከተሞች፣ በጥቁር ወጣቶች ያደገ ነው። ቀደም ሲል ሚልስ ብራዘርስና ኢንክ ስፖትስ መንገዱን ጠርገውላቸዋል። መሣሪያ መግዣ የሌላቸው ልጆች በድምፃቸው ተኩት። አንዱ በወፍራም ድምፅ የቤዙን ሥራ ይሠራል፤ ሌሎቹ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየደጋገሙ ያጅባሉ፤ አንዱ ከላይ ያቀነቅናል። ድምፅ የሚያስተጋባ ደረጃና የባቡር ጣቢያ መለማመጃቸው ነበር።

በ1956 አምስት የኒውዮርክ ልጆች «ኋይ ዱ ፉልስ ፎል ኢን ላቭ» የተባለውን ዘፈን አወጡ። አቀንቃኙ ፍራንኪ ላይመን ገና 13 ዓመቱ ነበር። ዘፈኑ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ አንደኛ ወጣ። በኋላ ግን በደራሲነት ከላይመን ጋር የአሳታሚው ስም ገባ፤ ድርጅቱ ሲሸጥ ደግሞ የገዢው ስም ተተካ! ሱቅ ሲሸጥ ዕቃው አብሮ ይሸጣል፤ ደራሲነት እንዴት ይሸጣል?

ላይመን በ1968 በ25 ዓመቱ በአደንዛዥ ዕፅ ሞተ። ጓደኞቹ ኸርማን ሳንቲያጎና ጂሚ መርቻንት «ደራሲዎቹ እኛ ነን» ብለው ከሰው በ1992 ተፈረደላቸው። በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሦስት ዓመቱ የይርጋ ጊዜ አልፏል ብሎ ፍርዱን ሻረው።

አሁን ዘፈኑን እናሰማችኋለን። ልጆች፣ ከላይመን ኋላ ያሉትን አራቱን ድምፆች ለይታችሁ ስሙልኝ።