ልጅ ልከን ቴሌቪዥን ተቀበልን!

(ሾኔ ላይ ለወላጆችና ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዕቃ ነው። ፖለቲካ የጠበቀ ካለ ይቅርታ፤ ለነገሩ ዕቃም ፖለቲካ ሆኗል።

ከሃላባ ወደ ሶዶ የሚወስደው አስፋልት ሾኔን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ትናንት ግራ ቀኙን እያየሁ በእግሬ ሄድኩበት። የስልክ ቀፎ፣ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን፣ ሶፋ፣ ዊግ፣ የዱቄት ወተት፣ ሞተር ሳይክል... በርበሬና በቆሎ የሚሸጠው ገበሬ ደግሞ ከሱቁ ደጃፍ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ይህን ሁሉ ዕቃ የሚገዛው የበቆሎ ገንዘብ ነው? ኧረ እንተዋወቃለን! ደቡብ አፍሪካ ነው እንጂ።

በባሕር ማዶ ዕቃ መማረክ የዛሬ አመል አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩ ለኛ የምትሸጠው ዋናው ሸቀጥ አቡጀዲ ነበር። ዳሩ ግን አያቶቻችን አቡጀዲ የለበሱት ቡናና ቆዳ ሸጠው ነው። እኛ የምንሸጠው ምንድን ነው? ልጅ!

ለመሆኑ ልጁ እዚያ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ወላጅ አለ? ብዙዎቹ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክመው፣ «ሎኬሽን» በሚሉት የድሆች ሰፈር ከቤት ቤት እየዞሩ በዱቤ ይሸጣሉ። ዕቃውን የሚያነሱት ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ከሚባለው የሐበሻ ገበያ ነው፤ አብዛኛው ቻይና ሠራሽ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! የባደዋቾ ልጅ ለደቡብ አፍሪካ ድሃ የቻይና ዕቃ በዱቤ ይሸጣል፤ ያገኛትን ይልክና እናቱ ሾኔ ላይ የቻይና ዕቃ ትገዛባታለች። ትርፉ ዞሮ ዞሮ ቻይና ነው የሚገባው፤ የልጁ ዕድሜ ግን የትም አልገባም።

እዚያ የደረሰው እንኳ ዕድለኛ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል።

ዕቃ ይቅር እያልኩ አይደለም። ቆርቆሮና ስልክ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ቢመክራችሁ አትስሙት፤ እሱ በቆርቆሮ ቤት፣ በስልክ ነው የሚኖረው። እኔን የሚያንገበግበኝ «የነ እገሌ ልጅ እኮ ይህን ላከ» የምትለዋ ቃል ናት። አንዱ ቤት ሶፋ ሲገባ የጎረቤቱ ልጅ ደብተሩን አጥፎ ደላላ ይፈልጋል። ሽማግሌ ሲላክም «ልጁ የት ነው ያለው?» ይባላል፤ ሥራው አይጠየቅም።

ደግሞ ይህ ሕዝብ ቁጠባ የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ለያሆዴ እናቶች በዊጆ ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ አባቶች በቱታ የበሬ መግዣ ያዋጣሉ። ዓመት ሙሉ ጠብቆ፣ አዋጥቶ፣ እኩል ተካፍሎ መብላትን ማን አስተማራችሁ? አሁን ግን መሬትና ከብት ተሸጦ ለደላላ ይከፈላል፤ ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ላሚቱ የለችም።

መንግሥትስ? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች ምንዛሪ አይፈቀድላቸውም ብሎ አገደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ያገደውን ራሱ ከፈተና ብሩን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። ከውጭ የሚላክለት ቤት በአንድ ጊዜ ጠገበ፤ በብር የሚያድረው ጎረቤት ባለበት ቀረ። ሂዱ ያለ ባለሥልጣን የለም፣ ሆኖም ከዚህ የበለጠ ግፊት ምን አለ?

ወላጆች፣ ልጃችሁ በሚቀጥለው ሲደውል «ምን ትልካለህ?» ከማለታችሁ በፊት የዱቤ ደንበኞቹ ስንት እንደቀሩበት ጠይቁት። አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ፤ እዚያ ከኋላ እጅህን ያወጣኸው፣ ከአንተ እንጀምር።